በየዓመቱ ቀለም የቀባሁት ሰሌዳ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ብፈልግም አላገኘሁም። አባታችንን እንዳልል፣ እሱ ካለፈ ቆይቷል። ደግሞም እሱ "ከሁለቱ አንዱ ከተማረ ይበቃል" ሲል አጠገቡ ቆመህ ዝም ያልከው አንተ ነህ። በኋላ ጓሮ ተደብቄ ሳለቅስ መጣህና፣ "ምን ያስለቅስሻል? እኔ አነብልሻለሁ" አልከኝ። አመንኩህ። ተነስቼም የትምህርት ቤት ልብስህን አጠብኩልህ።

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ጎረቤት አላስጻፍኩም። እጄ ስለሚዘገይ ሐሳቤ እየቀደመ ያስቸግረኛል፤ ታገሰኝ።

በዝናቡ ወራት ወንዙ ሞልቶ የብስክሌት መንገዱ ሲዘጋ ሥራ እንደሌለኝ ታውቃለህ። የሚከራዩትን ብስክሌቶች ሰንሰለታቸውን ዘይት ቀብቼ መጋዘን አስገባለሁ፣ የበሩን ሰሌዳም አውርጄ በማዳበሪያ ከረጢት እጠቀልለዋለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ነው። ዘንድሮ ግን ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው ሴትዮ፣ ያቺ ባለሦስት እግሩን ብስክሌት የምትከራየኝ፣ "እትዬ፣ ዝም ብለው ከሚቀመጡ ይምጡና ፊደል እንቁጠር" አለችኝ።

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ጎማ የሚለጥፍ እጅ 'ሀ' መጻፍ ያቅተዋል እንዴ?"

ሄድኩ። መጀመሪያ ለብቻዬ ያነበብኩት የጎማ ሙጫው ቆርቆሮ ላይ ያለውን ነው። "ከእሳት ያርቁ" ይላል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ቶሎ እንዲፈስልኝ ምድጃ አጠገብ ሳስቀምጠው ኖሬያለሁ። ለሴትዮዋ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ያኔ ገና መሳቅ እችል ነበር።

መንገዱ እንደተከፈተ፣ ተከራይ ሳይመጣ በማለዳ አንዱን ብስክሌት አውጥቼ ወጣሁ። ፍሬን ለመፈተሽ ግቢ ውስጥ ከመዞር በቀር ለራሴ ብዬ ነድቼ አላውቅም። መንገዱንም ያየሁት ከኋላህ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከፊት ለፊቴ ጀርባህ ነበር። ለካ እንዲህ ያለ መንገድ ኖሯል! አስፋልቱ በዝናብ ታጥቦ ጥቁር ሆኗል። ወንዙ በቀኜ አብሮኝ ይወርዳል። ዳክዬዎቹ ልጆቻቸውን አስከትለው መንገዱን ሲያቋርጡ ቆሜ አሳለፍኳቸው። ዳቦ ቤቱ ጓሮ ስደርስ ትኩስ ዳቦው ሸተተኝ። የሰዓት ማማው እንደ ልማዱ የተሳሳተ ሰዓት ያሳያል። ከሥሩ ዳማ ከሚጫወቱት ሽማግሌዎች አንዱ፣ "እማማ፣ ፍሬን አላት?" ብሎ ጮኸ።

"እሷስ አላት፤ ፍሬን የሌለው የአንተ አፍ ነው!" አልኩት። የእነሱ ሳቅ እስከ መታጠፊያው ተከተለኝ። ከዚያን ቀን በፊት እንደዚያ ደስ ብሎኝ የነበረው መቼ እንደሆነ ማስታወስ አልቻልኩም።

አሮጌው ወፍጮ ቤት ስደርስ ወረድኩ። ሰሌዳውን አንተ ያነበብክልኝን ታስታውሳለህ? ወንዙ ከተማውን ያጥለቀለቀ ጊዜ አንዲት ባለወፍጮ መበለት የሰውን ሁሉ እህል በነፃ ፈጨች፣ ብለህ ነበር። እኔ ራሴ ላነበው መጣሁ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። "ግድግዳው ሊፈርስ ስለሚችል አይጠጉ" ይላል። የተሳሳትኩ መሰለኝና ደገምኩት።

የብረት ድልድዩ ጋ ደረስኩ። ተጣልተው በሁለት ዳርቻ የሚኖሩ ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሹን ሠርተው መሐል ላይ ሲገናኙ ታረቁ፣ ብለህ ያነበብክልኝ ሰሌዳ ዝገት በልቶታል። ግን ይነበባል። "ከባድ መኪና ማለፍ ክልክል ነው።"

ወንድም ጋሼ፣ እኔ ያንን ታሪክ ብስክሌት ለተከራየኝ ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ወንበር ከፍና ዝቅ እያደረግሁ፣ ጎማ እየነፋሁ፣ "ድልድዩ ላይ ስትደርሱ ሰሌዳውን ማንበብ እንዳትረሱ" እያልኩ። ሲመለሱም እጠይቃቸዋለሁ። "አነበባችሁት?" ስል፣ "አነበብነው እማማ፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው" ይሉኛል። አንዲት ሙሽራ እጄን ይዛ "እንደገና ይንገሩን" ብላኛለች። እሷን ሳስብ ፊቴን የማስገባበት ይጠፋኛል። የሳቀብኝ ሰው ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ሁሉም እንዴት እንዲህ ተስማምተው እንዳዘኑልኝ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰሌዳዬን ከከረጢቱ አወጣሁ። የብስክሌት ኪራይ ቤቱን የከፈትኩ ሰሞን በእጅህ ጽፈህ በሬ ላይ የሰቀልክልኝን። "ምን ይላል?" ብዬህ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ መልካም ጉዞ" ብለኸኛል። በየዓመቱ ሳልሰቅለው በፊት ቀዩን ቀለም በጥብጬ፣ በቀጭን ብሩሽ ፊደሎችህን አንድ በአንድ እየተከተልኩ አድሳለሁ። አንዲት እግር እንዳትጣመም ትንፋሼን ይዤ። ያን ቀንም ብሩሹን ነክሬ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ፊደል "እ" መሆን ነበረበት። "ባ" ነው።

"ባለቤቷ ማንበብ አትችልም። ያለችውን እሺ በሏት።"

ቀለሙ ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔ አላየሁትም። ያን ጽሑፍ ከአንተ ይልቅ እኔ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። አሳምሬ፣ ከሩቅ እንዲነበብ አድርጌ። ከሥሩም ቆሜ ሰው ተቀብያለሁ።

ለእኔ ብለህ ይሆናል። ገና ሥራ እንደጀመርኩ፣ ያ ጎረምሳ ለብስክሌት መያዣ የሰጠኝን መታወቂያ ገልብጬ ስይዝ የጮኸብኝ ዕለት አጠገቤ ነበርክ፤ ፊትህ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ክፉ ብትሆንማ ይቀለኝ ነበር። ግን ባለፈው ስትደውል ምን አልከኝ? "ወሩ ሲገባ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ። ያቺን የድልድዩን ነገር ትነግሪያቸዋለሽ፤ ገና እኔ ስነግራቸው በሳቅ ፈርሰዋል!"

"እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የማውቀው ቃል እሱ ነው። ሰሌዳው ሰዎቹን እሺ በሏት ይላል፤ እሺ ስል የኖርኩት ግን እኔ ነኝ።

ና፤ ጓደኞችህንም አምጣ። ብስክሌቶቹ ተጠርገው ይጠብቋችኋል። የአንተን ወንበር እንደምትወደው ከፍ አደርገዋለሁ፤ እኔም በራሴ ብስክሌት አብሬያችሁ እመጣለሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሰሌዳውን አንተ አንብብላቸው። እኔ አጠገብህ ቆሜ በዓይኔ እከተልሃለሁ።

በሬ ዘንድሮ ባዶ ነው። ሰው ሲመጣ በአፌ "እንኳን ደህና መጣችሁ" እላለሁ፤ ሀፍረቱ ግን ገና አልለቀቀኝም። ሰሌዳህን አልሰበርኩትም። መጋዘን ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጬዋለሁ፤ ከፈለግህ ውሰደው። እኔ ግን ከእንግዲህ ቀለም አልቀባውም።

እህትህ