የተፈታው ስፌት

እህቴ ፈንትዬ፣

ለመሠረተ ትምህርቱ ሥራ ወደ ገሳይ የሚወስደን መኪና ደጅ ቆሟል፤ ከገበያ እስክትመለሽ አይጠብቀኝም። ቅዳሜ እመጣለሁ።

እንስራውን ሞልቼልሻለሁ። እንዳትሸከሚው፤ ከሆድሽ የተነሳ እግርሽን እንኳ ካየሽው ሰንብቷል።

የስፌት መኪናውን መርፌ የሰበርኩት እኔ ነኝ። «ኪየቭ ስድስት ዓመት የተቀመጥሽው መርፌ መስበር ልትማሪ ነው?» ማለትሽ አይቀርም። በይ።

ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰፋም ስትዪኝ ስቄብሽ ነበር። ትተሽኝ ወደ ጓዳ ስትገቢም ያሸነፍኩሽ መስሎኝ ሦስት ቀሚስና አንድ ኮፍያ ጨመርኩ።

ትናንት ጎረቤታችን እማማ እመቤቴ፣ እኔ ኪየቭ ሳለሁ ስለሆነው ስለ መጀመሪያው እርግዝናሽ ነገሩኝ። ልብሱ ደርሶ ልጁ እንዳልደረሰ።

ምነው አንቺ ብትነግሪኝ ኖሮ።

ዛሬ ማለዳ ስፌቱን ሁሉ በምላጭ ፈታሁት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁራጭ ጨርቅ ነው እንጂ ልብስ አይደለም። ከፍተሽ እዪው። እኔ አሁንም በዚህ ነገር አላምንም። ቢሆንም የኮፍያውን ክር እንኳ አላስቀረሁም።

እልልታው ከተሰማ በኋላ በአንድ ቀን መልሼ እሰፋዋለሁ። የሳቅሽበትን ጠባብ አንገትም አሰፋዋለሁ።

ልጁ ብቻ ይምጣ። እስከዚያ በአሮጌ ነጠላሽ ቢጠቀለል ቅር አይለውም።

ጽጌረዳ