ካርዱን መክፈል አቁሙ ያሉን ሰዎች

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 8፣ 2021

ፈርሟል። እኔን ሳይጠይቅ፣ ስልኩ ላይ በጣቱ ፈርሟል።

የነገረኝ ሰሃን እያጠብኩ ሳለ ነው። ታምራት ደስ የማይል ነገር ሲነግረኝ ፊቱን ወደ ፍሪጁ ያዞራል፤ አስራ አንድ ዓመት ባሌ ሆኖ ይህን አልተወም። "አንድ ካምፓኒ አገኘሁ። ዕዳውን በግማሽ ያስቀንሱልናል" አለኝ። ማስታወቂያቸውን ያየው ፓኬጅ ሲያደርስ ውሎ፣ እረፍት ሰዓቱ ላይ ቫኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። ደወለ፣ አንድ ትሁት ሰውዬ አነጋገረው፣ ወዲያው አለቀ። ከእንግዲህ ለካርዶቹ ምንም አንከፍልም። በየወሩ ሦስት መቶ አስር ዶላር ለእነሱ እንሰጣለን፣ እነሱ ከባንኮቹ ጋር ይደራደሩልናል። የመጀመሪያውን አርብ ዕለት ከአካውንታችን ይወስዳሉ።

"ካርዶቹን ካልከፈልን ምን ይሆናል?" አልኩት።

"እሱን ለእኛ ተወው ነው ያለኝ።"

ዕዳው የሁለታችንም ነው። ባለፈው ዓመት ኤርፖርቱ ጭር ሲል የታምራት የታክሲ ሥራ ቆመ፤ ፓኬጅ ማድረስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ያለው ሥራ፣ አልቆመም፣ ግን ብቻውን ቤት አልያዘም። አስቤዛው በካርድ፣ የመኪናው ትራንስሚሽን በካርድ። መሀል ላይ አባቴ አረፈ፤ ለለቅሶው የላክሁትም ከካርድ ነው የወጣው። ሦስቱም ሞሉ። ከዚያ ወዲህ አንዱን ዘግተናል፣ ሁለተኛው ሊያልቅ ነው። ትልቁ ግን ስድስት ሺህ አራት መቶ ዶላር ላይ ቆሟል፤ ወለዱ ሃያ ሰባት ፐርሰንት ስለሆነ ብንከፍልም ብንከፍልም እዚያው ነው። ታምራትን ያቃጠለው እሱ ነው። ይገባኛል።

ግን ቢያንስ ይጠይቀኛል።

ማክሰኞ

ዛሬ ኦፍ ነኝ። ውጭው በረዶ ነው። ልጃችን ሶልያና ኮምፒውተሯ ላይ ክላስ ውስጥ ናት።

ጠዋት ለግሩፑ ጻፍኩ። ቴሌግራም ላይ ነው ያለነው፣ "ከዕዳ ወጥተን እንገናኝ" ይባላል። በየስቴቱ የተበተንን ሐበሻ ሴቶች ነን፤ አንዳቸውንም በአካል አላውቃቸውም። የቀረንን እንጽፋለን፣ ያቃታትም ትናገራለች። "ለምን ገዛሽው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፖስታውን ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። ደሞዝ ሲገባ የአስቤዛውን፣ የቤንዚኑንና የልጅቷን ካሽ አወጣና በየፖስታው እከታለሁ። ፖስታው ባዶ ከሆነ አለቀ፣ ካርድ አይነካም።

መጀመሪያ የመለሱልኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ዴንቨር የሚኖሩ ፀጉር ሠሪ ናቸው፣ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ። መጻፍ ስለማይወዱ በድምፅ ነው የሚልኩት። ሌላ ጊዜ ድምፃቸው ረጅምና ሳቅ የበዛበት ነው። የዛሬው አጭር ነበር። "ልጄ፣ ገንዘቡ ሳይወጣ አስቁሙት። እኔ ያለፍኩበት ነው። ባለቤትሽ እሺ ካለ ላነጋግረው።"

ታምራት ሲገባ ነገርኩት። ጃኬቱን እንኳ አላወለቀም።

"ጓዳችንን ለማታውቂያቸው ሴቶች ታወሪያለሽ?"

"አንተስ የአካውንት ቁጥራችንን ለማታውቀው ሰውዬ አልሰጠህም?"

እሱ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ሶልያና ከክፍሏ "ኬን ዩ ጋይዝ ፕሊስ ስቶፕ?" አለች። ራት ለየብቻ በላን።

ከአስቤዛው ፖስታ የወጣ፦ ቀኑ ሊያልፍ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ያገኘሁት ዶሮ፣ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ወተት። አስራ አንድ ዶላር ተረፈኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ለግሩፑ እጽፈው ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ከሥራ በፊት ታምራት ስልኩን አመጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። የፈረመው ውል በኢሜይል መጥቶለታል። "እስቲ ይቺን አንብቢልኝ" አለ። እሱም አንብቦታል፤ የተሳሳተ መስሎት ነው እንጂ። አልተሳሳተም። ከጠቅላላው ዕዳችን ሩብ ያህሉ የእነሱ የድካም ዋጋ ነው። ክስ ቢመጣ ጠበቃ አያቆሙልንም።

"ይህን አልነገረኝም" አለ።

"እትዬ አስካለን ታነጋግራቸዋለህ?"

መኪናውን ሊያሞቅ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሊወስደኝ ሲመጣ ግን ወደ ቤት አልነዳም። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገና "ደውይላቸው" አለ።

ስፒከር ላይ አደረግኩት። ከጀርባቸው የፀጉር ማድረቂያ ይጮሃል፤ አጥፍተው ወጡልን።

"እንደምን ነህ ወንድሜ? ልቆጣህ አይደለም፣ እኔም ፈርሜ ነበር" ብለው ጀመሩ። "ዓመት ከመንፈቅ ለእነሱ ከፈልኩ። እኔ ባንኩን ዝም ስለው ባንኩ ዝም አላለኝም። ቅጣቱ ተቆለለ፣ ከሰሱኝ። የክሱን ወረቀት የሰው ፀጉር እየተኮስኩ ነው የተቀበልኩት፣ ደንበኛዬ እያየችኝ። ያኔ ተቀጥሬ ነበር የምሠራው፤ ከደሞዜ ላይ ይቆርጡ ጀመር።"

"እነሱስ? እንደራደራለን ያሉትስ?" አለ ታምራት።

"አልዋሽህም፣ አንዱን ካርድ አስቀንሰውልኛል። ሁለቱን አልነኩትም። የሰጠኋቸው አብዛኛው እነሱው ጋ ቀረ።"

ታምራት መሪውን እንደያዘ ነው። "ታዲያ ምን ላድርግ እትዬ?"

"ሰርዝ። ከዚያ ባንኩ ጋ ራስህ ደውል። ተቸግረናል፣ መክፈል ግን እንፈልጋለን፣ ወለዱን ቀንሱልን በላቸው። ሃርድሺፕ የሚሉት፣ ለተቸገረ ሰው የሚሆን ፕሮግራም አላቸው፤ ካልጠየቅካቸው አይነግሩህም። አንዱ እምቢ ካለህ ዝጋውና እንደገና ደውል፣ ሌላ ሰው ያነሳልሃል።"

ስልኩን ዘጋን። መስኮቱ በትንፋሻችን ጉም ለበሰ። "የካምፓኒው ሰውዬ እኔ እናገርልሃለሁ ሲለኝ ደስ አለኝ" አለ ታምራት። "ባንክ ጋ ስደውል ቃሉ ይጠፋብኛል። ሦስቴ ድገመው ሲሉኝ እዘጋዋለሁ።"

ይህን እስከዛሬ ነግሮኝ አያውቅም። ሁልጊዜ እሱ "ደውያለሁ፣ አይሆንም አሉ" ይለኛል፣ እኔም አምናለሁ። መቆጣት ፈልጌ አቃተኝ።

ሐሙስ

ካንስል ማድረግ እንደ መፈረም ቀላል አይደለም። ትሁቱ ሰውዬ ዛሬ ትሁት አልነበረም። ወደ ሌላ ሰው አዞረን፣ ያኛውም ወደ ሌላ። ሦስተኛዋ ሴት "ዕድላችሁን እያበላሻችሁ ነው" አለችን። ታምራት ስልኩን ሰጠኝ። "በጽሑፍ እንልካለን" ብዬ ዘጋሁት። ኢሜይሉን አብረን ጻፍን። አራት መስመር ናት።

ከዚያ ወደ ባንካችን። በኮቪድ ምክንያት ውስጥ አያስገቡም፣ በመኪና ሰልፍ ነው። ተራችን ሲደርስ ልጅቷ ከመስታወቱ ጀርባ በማይክ አናገረችን። ክፍያውን ለማስቆም ሠላሳ ዶላር ይከፈላል። እሱም ቢሆን ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ ነው መነገር ያለበት። "ጥያቄውን አስገባዋለሁ፣ ግን ነገ እንደሚቆም ቃል አልገባም" አለች። ሠላሳውን ከፈልን።

የፈረመው ሰኞ ነው፣ የሚወሰደው አርብ ነው። አጣድፈው ያስፈረሙት ለዚህ ይሆን?

ነገ ደሞዜ ይገባል። ማክሰኞ የመኪናው ኢንሹራንስ ይቆረጣል። ሦስት መቶ አስሩ ከወጣ የቀረው ለኢንሹራንሱ አይበቃም። ኢንሹራንስ ከሌለ ታምራት አይነዳም።

አርብ

ጠዋት አፑን ከፈትኩ። ደሞዜ ገብቷል። ከሥሩ የካምፓኒው ስም አለ፤ ሦስት መቶ አስር፣ ፔንዲንግ ይላል፤ ገና አልወጣም፣ ሊወጣ ነው ማለት ነው።

ሥራ ላይ ሐሳቤ እዚያው አፑ ላይ ነበር። የማጥባቸው አንዲት አሮጊት "ዛሬ ምን ሆነሻል፣ የኔ ማር?" አሉኝ። ውሃው ቀዝቅዞባቸው ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

እረፍት ላይ ለግሩፑ ጻፍኩ። ከሲያትል አንዷ፣ ፎቷን እንኳ አይቼ የማላውቃት፣ ለብቻዬ "ኢንሹራንሱን እኔ ልክፈልልሽና ቀስ ብለሽ ትመልሺልኛለሽ" ብላ ጻፈችልኝ። እሷም የራሷ ዕዳ አለባት፣ አውቀዋለሁ። እምቢ አልኳት። ላውንደሪ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን በፎጣ ጠረግኩና ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ታምራት ደወለልኝ። በሥራ ሰዓት አይደውልም፤ ተጋጨ ብዬ ደነገጥኩ።

"ደወልኩላቸው" አለኝ።

"ለማን?"

"ለትልቁ ካርድ። ኢስተን ገበያው ፓርኪንግ ውስጥ ነኝ። የመጀመሪያዋ አይቻልም አለችኝ። ዘጋሁና እንደገና ደወልኩ።"

ሁለተኛው ሰውዬ ድገም ሲለው አልዘጋም፣ ደገመለት። እንደገና ድገም ሲለውም ደገመ። ወለዱን ለአንድ ዓመት ወደ ዘጠኝ ፐርሰንት ያወርዱልናል። ካርዱ ይዘጋል፣ በየወሩ የተወሰነ ይቆረጣል፣ አንድ ወር ካለፈን ፕሮግራሙ ይፈርሳል።

"ምን አልካቸው?"

"እትዬ ያሉኝን ነዋ። በዚህ እንግሊዝኛዬ።" ሳቀ። ከመቼ ወዲህ እንደሆነ እንጃ፣ ሲስቅ ሰማሁት።

ቅዳሜ

ገንዘቡ ወጣ። ፔንዲንግ የሚለው ጠፍቶ ተቀንሷል። ባንኩ ጋ ደወልኩ፤ "አቤቱታ ተይዟል፣ ጠብቂ" አሉኝ። ሰኞ በዓል ነው፣ ዝግ ናቸው።

ታምራት ኦቨርታይም ገባ። ነገ የፍቅረኞች ቀን ስለሆነ ፓኬጁ ቫኑን ሞልቶታል። እኔም የሌላ ሰው ሺፍት ወሰድኩ። ሶልያና ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነቡ ጋር ዋለች። ስወስዳት "ማሚ፣ አር ዊ ፑር?" አለችኝ። "የምንከፍለው አለብን እንጂ ደህና ነን" አልኳት። የገባት አይመስለኝም። ለእኔም በደንብ አልገባኝም።

እሑድ

አምልኮ በዙም። ታምራት አጠገቤ ተቀምጦ አንቀላፋ። ሳልቀሰቅሰው ካሜራውን አጠፋሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16

ትናንት አልጻፍኩም፤ ሥራ፣ በረዶ መዛቅ፣ አፑን መክፈት፣ መዝጋት።

ዛሬ ጠዋት ከፈትኩት። ሦስት መቶ አስሩ ተመልሷል። ሠላሳው አልተመለሰም፣ አይመለስም። ኢንሹራንሱ ተቆርጧል፣ በቅቷል። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ለእትዬ አስካለ በድምፅ ላክሁላቸው፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ቀጠሉና "ኢሜይሉን እንዳታጠፉት፣ እነዚህ ሰዎች ቶሎ አይለቁም" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ታምራት ወደ ሥራ ሲያደርሰኝ ስልኩ ጠራ። ካምፓኒው ነው። አላነሳውም። እንደገና ጠራ። ሦስተኛው ላይ ዳር ይዞ ቆመና አነሳው። ሰውየው ብዙ አወራ፤ ከፕሮግራሙ መውጣት ቅጣት እንዳለው፣ ጠበቃ እንዳላቸው፣ ባንኮቹ እንደማይምሩን። ታምራት እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየለቀመ፣ "የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የሰረዝኩትም እኔ ነኝ። በጽሑፍ ልከናል። ሁለተኛ እንዳትደውሉ" አለው። ሰውየው "ድገምልኝ" አለ።

ደገመለት።

ስልኩን ዘግቶ እጁን መሪው ላይ አሳረፈ። እጄን ደረብኩበት። መኪኖች በረዶውን እየረጩብን ያልፋሉ።

"በዘጠኝ ፐርሰንቱ ከሄድን መቼ እንጨርሳለን?" አለኝ።

"ሁለታችንም ሥራ ላይ ከቆየን በሚቀጥለው ዓመት ሰመር።"

"ሥራ ላይ ከቆየን" አለ፤ መስታወቱን አየና ወደ መንገዱ ገባ።