ያልተጻፈው ጎጆ

ሐምሌ 4
ዝናብ። ዳክዬ አርባ አንድ፣ ይብራ አሥራ ሁለት፣ ጎብኚ ዜሮ። ጫማዬ ውስጥ የገባው ውሃ አልተቆጠረም... የወፍ ቆጠራ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ሐምሌ 9
አገኘናት። እኔና ጡረተኛው መምህር፣ ጫካው ከረግረጉ ጋር በሚገናኝበት ደንገል ውስጥ። መጻሕፍት ለወፏ ረጅም ስም ሰጥተዋታል፤ እኛ አፋሪቷ እንላታለን። አሥራ አንድ ዓመት ድምጿን ብቻ ስንሰማ ኖረን፣ ዛሬ አራት እንቁላል ታቅፋ! መምህር እንባውን «ዝናብ ነው» አለ። ባርኔጣው ጃንጥላ ያህላል።

መዝገቡ ላይ «አልታየችም» ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ሙያ ጎጆ አይጻፍም። የተጻፈ ቀን ካሜራ ያንጠለጠለ ሁሉ ይመጣል፤ ደንገሉን ረግጦ፣ እናትየዋን አስበርግጎ፣ ተፈጥሮን እንደሚወድ ተናግሮ ይሄዳል። አምና የጭልፊቷን ጎጆ ጻፍኩ። እንቁላሎቹ ቀዝቅዘው ቀሩ።

ነሐሴ 2
ሦስት ጫጩት። ጥቁር፣ አውራ ጣት የማያህሉ። መዝገቡ፦ አልታየችም። መዋሸት እንዲህ ደስ ይላል እንዴ?

ጥቅምት 12
ስብሰባ። ክራቫት ካርታ ዘረጋ። (ኃላፊያችን ነው፤ ረግረግ ሲወርድም ክራቫቱን አይፈታም።) የወፍ መመልከቻ ማማ ሊሠራ ነው፣ ከነመኪና ማቆሚያው። የት? ደንገሉ ላይ። ይቆረጣል፣ ውሃው በቦይ ይወጣል፣ አፈር ይሞላበታል። ወፍ ለማየት ወፉን ከቤቱ ማስወጣት... እንዲህ ያለ ጥበብ ከየት ይገኛል?

ለምን እዚያ አልኩ። ምንም ስለሌለበት ነው፣ መዝገብ ታይቷል፣ አለ። የማን መዝገብ ብዬ አልጠየቅሁም። መዝጋቢው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 13
መምህር ሂድና ተናገር አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያተረፍኩት ስም ሊጠፋ ነው አልኩት።
«አንተ ሰውዬ፣ አንተ ብታፍር ትኖራለህ። እሷ ናት የማትኖረው።»
ሚስቴ ደግሞ ጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ አፍህን ሰብስብ አለች። በትዳራችን ምክሯን የሰማሁበት ብቸኛ ጊዜ።

ጥቅምት 22
ዘጠኝ ቀን ቃል ሳመርጥ ከርሜ ዛሬ ገባሁ። ጎጆ አለ አልኩ። ክራቫት አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡን አወጣና በአክብሮት ገለጠው።
«ጋሼ፣ ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?»
«የኔ።»
«አንድ ስህተት ያልተገኘበት እጅ ነው። አሁን ሥራ ሊጀመር ሲል ወፍ አለች ካሉኝ ማንን ልመን? እርስዎን ወይስ እርስዎን?»
መምህር ምስክር ነው አልኩ። ጓደኛዎ ነው አለኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ወፏን እንዳሳየው ፈቀደልኝ።

ጥቅምት 25
ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ ቆምን። ጎጆው በክረምቱ ውሃ ሰጥሞ ጠፍቶናል። ክራቫት ለአርባ ደቂቃ መጣ፤ ሠላሳውን ስልክ ሲያወራ አሳለፈ። አፋሪቷ ጸጥ። እስከ ዛሬ ያተረፋት መደበቋ ነው... ለአርባ ደቂቃ ብትረሳው ምን ነበረበት?

ኅዳር 8
ትናንት ኤክስካቫተር ገባ። ደንገሉ በሁለት ቀን አለቀ። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው። ከጭቃው ያወጣውን ባዶ ጎጆ «ጋሼ፣ ለሥራዎ ይጠቅም እንደሆን» ብሎ በሁለት እጁ አቀበለኝ።

ወስጄ የክራቫት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። አገላብጦ አየው። ፊቱ ትንሽ ተለወጠ መሰለኝ። ከዚያ አመሰገነኝና በመስታወት ሳጥን ተደርጎ ማማው መግቢያ ላይ እንዲቀመጥ አዘዘ። ማስረጃ ሲፈለግ ጠፍቶ፣ ጌጥ ሲፈለግ ተገኘ።

የካቲት 17
ማማው ተመረቀ። ሦስት ንግግር፣ አንድ ሪባን። እኔ አስጎብኚ ሆኜ ተሹሜያለሁ፤ ሚስቴ ሸሚዜን ሁለቴ ተኮሰችልኝ።

መምህር ከኅዳር ወዲህ ስልኬን አንስቶ አያውቅም። ዛሬ መጣ። ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ፣ ዙሪያውን አየ፣ አቅራቢ መነጽሩን ከአንገቱ አወለቀ።
«መነጽር ለሌለው ጎብኚ ስጥልኝ።»
«አንተስ?»
«እኔ የማየውን አይቻለሁ።»
ወረደ። ልከተለው አሰብኩ... ስልሳ ሦስት ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል። አንገቴ ላይ ሁለት መነጽር አንጠልጥዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ፦ በስተግራ መኪናዎች፣ በስተቀኝም መኪናዎች።