ልናትመው ያልቻልነው መንገድ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለዘሚካኤል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን።

ለመሆኑ እንዴት ነህ ወንድምዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሣብህ የጎን ውጋት ተወህ ወይ? ቤቲስ እንዴት ናት? ኢያኤል አፉን ፈታ? እናቱን የሚጠራት በእኛ ቋንቋ ነው ወይስ በእዚያው አገር? ሱቁስ ሰላም ነው? እዚያ በውጭ ሰው ላይ ተነሡ ሲባል በሰማን ቁጥር እማዬ እህል አይወርድላትም፤ ድምፅህን እስክትሰማ ድረስ እንደ ቆመች ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ማለት ግን ደህና ነን ማለት እንዳልሆነ አንተ አታጣውም። በስልክ ልነግርህ ብዬ ስንቴ አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ልልክልህ ወሰንኩ።

ስለ «ዳገት» ልንገርህ። ላይኛውን ሴቻን ከታችኛው ሲቀላ በሚያገናኘው የከተማችን ዳገት የሰየምናት የኢንተርኔት መጽሔታችን ልትሞት ነው፤ እንዲያውም ሞታለች፣ ቀብሯ ነው የቀረው። ስንጀምራት ደመወዝ የለ፣ አበል የለ። እኔ ከምሠራባት ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል እየተሰበሰብን፣ ስለ ከተማችን ሌላ ሰው ከሚጽፍልን እኛው እንጻፍ ብለን ነበር። አርሴማ ፎቶ ታነሣለች፣ ኪያ ገጹን ያሰናዳል፣ እኔ አርማለሁ፣ ዘርአብሩክ ይጽፋል። ዘርአብሩክን ታውቀዋለህ፤ ያ በስልክ ቃለ መጠይቅ ያደረገልህ የጨንቻ ልጅ ነው። በምህንድስና ተመርቆ ሥራ አጥቶ ሲንከራተት እንኳ ብዕሩ አልዛለም። ስለ ዓሣ አጥማጆቹ የጻፈ ጊዜ አርሴማ «ስልኬ ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ» ብላ አሳቀችን። ስለ ሰፈሩ የውኃ እጦት ሲጽፍ «አርባ ምንጭ፣ አንድ ቧንቧ» የሚል ርእስ ሰጥቶት ከተማው ሁሉ ሲቀባበለው ከረመ።

ያንተን ታሪክ ያወጣን ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው። ሱቅህን፣ መኪናህን፣ ባሕሩን፣ ሠርግህን ሁሉ ነገርከው፤ እሱም አሳምሮ ጻፈው። ስለ መንገዱ ሲጠይቅህ «በእግዚአብሔር ቸርነት ደረስኩ» ብለህ አለፍከው፤ እሱም እንዳልከው በአንድ መስመር አለፈው። እንደዚያ ጽሑፍ የተነበበልን የለም። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ሁሉ «መንገዱን ንገሩን፣ ደላላው ማነው?» ሆነ። አርሴማ ልጆቹን ለመንገድ እያነሣሣ ነውና ከገጹ እናንሣው አለች። ዘርአብሩክ «ሰው ማንበብ የጀመረው ገና አሁን ነው፤ እንዴት ይነሣል?» ብሎ ተቆጣ። ሳይነሣ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ዘርአብሩክ ጨዋታው ሁሉ ጠፋ። አንድ ሰሞን ሐዋሳ ሥራ አገኘሁ ብሎ ተሰናበተን፤ ለእናቱም ያላቸው እንደዚያው ነው። ደስ ብሎን ሸኘነው። መልእክቱ የመጣልኝ ግን ከሞያሌ ማዶ ነው። «ትሁትዬ አትቀየሚኝ። ለዳገት የሚሆን ብዙ ነገር እያየሁ ነው፤ ስደርስ እጽፍልሻለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

እናቱ እማማ ልክነሽ አፕል ይዘው ከጨንቻ ወደ ሲቀላ ገበያ የወረዱ ቀን ያለሁበት ድረስ መጡ። አማርኛው ብዙም ስለማይገራላቸው እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ። «አንተ ልጄ፣ እናንተ የከተማውን ሁሉ ስልክ ላይ ታወጣላችሁ፤ የኔን ልጅም አውጣልኝ» አሉኝ። ፎቶውን አወጣነው። ያን ጊዜ ነው አጠያይቅልኝ ብዬ የደወልኩልህ። «እሺ» ብለህ ወሬውን ወደ ሱቁ መለስከው። ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው።

በመጨረሻ ካሱ ተመለሰ። ከዘርአብሩክ ጋር አብሮ የሄደ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ በሰው አገር እስር ቤት ከርሞ የመጣው አጥንቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ቁጭ ብሎ ነገረን። ከውጭ በተከረቸመ የጭነት መኪና ውስጥ እንደ ጆንያ ተደራርበው ሲጓዙ አየር አጥሯቸው ግድግዳውን ቢደበድቡ፣ ሾፌሩ ራዲዮኑን ከፍ አደረገባቸው። በሩ ሲከፈት ጫካ ውስጥ ነበሩ፤ መራመድ ያቃተው ይቀራል ተባሉ። ዘርአብሩክ መነሣት አቃተው። ካሱ እጁን ይዞ ሲጎትተው ደላላው ካሱን በዱላ እየመታ ከሌሎቹ ጋር ነዳው። «ዞር ብዬ ሳየው ዛፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ሂድ፣ ሂድ ብሎ በእጁ አመለከተኝ» አለን።

ካሱ ጨንቻ ወጥቶ ለእማማ ልክነሽም ነገራቸው። ጎረቤቱ ለለቅሶ ድንኳን ሊተክል ሲነሣ እሳቸው ከለከሉ። በማግሥቱ ወርደው መጥተው ሁለቱንም እጆቼን ያዙኝ። «ተቀምጦ ነበር አለኝ እንጂ ሞተ አላለኝም። የተቀመጠ ሰው ይነሣል። አንተ ሞተ ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ። አልጽፍም አልኳቸው። ሌላ ምን ልበላቸው?

ኪያ ግን የካሱን ቃል እናውጣው አለ። ስም ብንለውጥ እንኳ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም አልኩት። «እውነቱን ካላወጣን መጽሔት ምን ያደርግልናል? ነገ የሚሄደውን ማን ይመልሰው?» አለኝ። እውነት አለው። እኔም ለአንዲት እናት ቃል ገብቻለሁ። እስክንጯጯህ ተጣላን፤ ኪያም ጓዙን ሸክፎ አገሩ ነቀምቴ ገባ። አርሴማ አሁን የሠርግ ፎቶ ነው የምታነሣው፤ መንገድ ላይ ስታየኝ ወዲያ ማዶ ትሻገራለች።

ብቻዬን ቀረሁ። እማማ ልክነሽ ገበያ በወረዱ ቁጥር ብቅ ብለው ስልኬን ያስከፍቱኛል። ሌላ ነገር ካወጣሁ የልጃቸው ፎቶ ወደ ታች ይወርድባቸዋል፤ ስለዚህ ምንም አላወጣም። ባጃጁ ይጮኻል፣ ሙዙ ይጫናል፣ ከተማዋ እንደ ወትሮዋ ትውላለች፤ «ዳገት» ላይ ያለው ግን ያ ፊት ብቻ ነው። አንባቢውም ምነው ጠፋችሁ ብሎ ጠይቆ ጠይቆ ተወን። በዚህ መሐል ከሰፈራችን ሌሎች ልጆች ሄዱ። አንደኛው ያንተን ቃለ መጠይቅ ስልኩ ላይ አስቀምጦት ነበር አሉ።

ወንድምዬ፣ ካሱ ሲያወራ እኔ የማየው አንተን ነበር። አንተም በእንደዚያ ያለ መኪና ነው የሄድከው? አንተስ ዛፍ ሥር ትተኸው ያለፍከው ሰው አለ? ይህን ሁሉ ዓመት ስንደውልልህ ስለ ሱቅ፣ ስለ ሠርግ ስናወራ፣ አንዳችንም ጠይቀንህ አናውቅም።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ልለምንህ ነበር። ካሱ ያየውን ባወጣ እማማ ልክነሽን በቁማቸው መግደሌ ነው። አንተ ያየኸውን ብትጽፍልኝ ግን መንገዱ ያንተ ነው፣ አንተም በሕይወት አለህ፤ ማንም አይሞትበትም፣ የሚነሣም ልጅ ምናልባት ቆም ይል ይሆናል ብዬ ነበር። እየጻፍኩ ሳለ ግን የገዛ እናታችን ትዝ አለችኝ። ስለዚህ አልለምንህም። ምን እንደማደርግም አላውቅም።

ቤቲን በጣም ሰላም በልልኝ። ኢያኤልን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳምልኝ። አባዬ ጉልበቱ ቢያስቸግረውም ከቤተ ክርስቲያን አልቀረም፤ በርታ ልጄ ብሎሃል። ታናሻችን ኑሃሚን ፈተናዋ ደርሶባት ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም፤ ወንድምጋሼን ናፍቄዋለሁ በይልኝ ብላለች። እማዬም ይህን እንደምጽፍ ባታውቅም ዘወትር ሰላም ትልሃለች። ትናንት ጎረቤቶች ስለ ዘርአብሩክ እያነሡ ሲያዝኑ እሷም ከንፈሯን መጠጠችና «የኔስ ልጅ ተመስገን፣ በአውሮፕላን ነው የሄደው» አለች። እኔም አጠገቧ ነበርኩ፤ አዎ አልኩ።

የምትወድህ እኅትህ ትሁት
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 2018 ዓ.ም.