አገር የሰጠችኝ ልጄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የትንሿ ልጄ የብርቄ መምህር ዛሬ አስጠርተውኝ፣ «ልጅዎ ስትጠየቅ ዝም ትላለች፤ ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ቀርታለች» አሉኝ።

ከእራት በኋላ ከልጆቹ ጋር እንቆቅልሽ ተጫወትን። «ያለ እግር፣ ውኃ ሳይነካው ወንዝ የሚሻገር?» አልኳቸው። ታላቅ ወንድሟ ጥያቄውን እንኳ ሳያስጨርሰኝ «ዓሣ፣ እባብ፣ ጀልባ» እያለ ደረደረው። ብርቄ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ዝምታዋ የመምህሩን ነገር አስታወሰኝና ጨነቀኝ። «በቃ፣ አገር ስጡኝ» አልኩ። እሷም ቀስ ብላ ሮብ ገበያን፣ የራሳችንን ከተማ ሰጠችኝ።

ብርድ ልብሷን ሳለብሳት፣ «እማዬ፣ ድምፅ ነው አይደል? መጀመሪያ ጥላ መስሎኝ ነበር። ጥላ ግን ሲደምን የለም» አለችኝ።

«አዎ፣ ድምፅ ነው። ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አገር ተቀበልሽኝ እኮ።»

ነገ ሄጄ መምህሩን «እባክዎ ትንሽ ይታገሷት» ልላቸው ነበር። አሁን በምን አፌ።