የወንድምሽ ቋጠሮ አይደለም

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ብርሃን። ጤናሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ? ያ ደረቅ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን፤ እሱም ያረጀ ነገር ነውና አይቆጠርም። እጄ ብዕር ስለማያውቅ የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ያልኩትን ሳታለዝቢ ጻፊ ብያታለሁ።

ወንድምሽ የታሸገውን የጸሎት ቤታችንን በር ከፍቶ ከታሰረ ወዲህ የማታውቂው ነገር አለ። ባለፈው ሰኞ የአካባቢያችን ሹም ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር እንኳ ሳይሰጠኝ ታሪክሽን ከሥር ከመሠረቱ ይዘረግፈው ጀመር፤ ተማሪ ሳለሽ እኛን አይሁድን የሰደበውን መምህር በሰው ፊት እንደሞገትሽ፣ ጠበቃ ሆነሽ የእኛን ሰዎች ብቻ ሳይሆን የሚጠሉንን ሳይቀር ከእስር እንዳስፈታሽ፣ አሁን ደግሞ በትልቁ ጉባኤ ቆመሽ ስለ እኛ ልትናገሪ እንደሆነ። ክስ መሆኑ ነው! እኔ ግማሹን አላውቀውም ነበር። «ጌታዬ፣ እስቲ የጠበቃነቱን ይድገሙልኝ» ስለው ፊቱ ፍም መሰለ። ከዚያ ነገሩን አመጣው፤ በጉባኤው ዝም ካልሽ ወንድምሽን ይለቀዋል፣ ከተናገርሽ ግን አበቃለት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ዝም በይ ልልሽ ወስኜ ነበር የወጣሁት። አንጀት ነዋ!

በማግስቱ ምግብ ይዤ እስር ቤት ሄድኩ። እንደ ወትሮው የትናንቱን ባዶ ሣህን በጨርቁ እንደተቋጠረ በመስኮት ሰጡኝ። እኛ ዕድሜ ልካችንን መኪና ላይ ጭነት አሳሪዎች ነን፤ የእኛ ቤት ቋጠሮ የቱንም ያህል ቢጠብቅ አንዱን ጫፍ ሲስቡት ይፈታል። ወንድምሽ ሌላ አስተሳሰር አያውቅም። ይሄኛው ግን እንቢ አለኝ፤ በቀሩኝ ጥርሶች ታግዬ ፈታሁት። ዘበኛውን «ማነው የቋጠረው?» ስለው መስኮቱን ዘጋብኝ። ከዚያ ወዲህም የሚመጣልኝ ያው የባዕድ ቋጠሮ ነው።

እናትሽ «እጁን አሞት ይሆናል፤ ልጄ ዝም ትበል፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ትላለች። ቃሏ ይድረስሽ ብዬ አጽፌዋለሁ። ለዝንብ የተዘጋ አፍ ለምግብም ተዘግቷል አልኳት። ደግሞስ እጁን ካመመው ማን አሳመመው? ሹሙ ያላሳየኝን በሬ ሊሸጥልኝ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ዝምታሽን በከንቱ አትስጪ። ጉባኤው ፊት ስሙን ጥሪና በቁሙ ያሳዩን በይ። ክፉ ቢመጣ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ፤ በራሴ ነው። እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ ቀለሙን ደፋችው፤ እንዳይገርምሽ። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት አልልከውም፤ የማምነው ሾፌር በእጁ ያደርስልሻል።

እናትሽ እየተቆጣችኝም ቢሆን ዓይንሽን ስማለች። የወንድምሽ ሚስት ከነእርግዝናዋ ሰላም ብላሻለች፤ መንገድ እያየች ከቤታችን መስኮት አጠገብ አትነሳም። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ትልሻለች፣ እሷን ግን ለማንም እንዳታነሺ። የወንድምሽን ሰላምታ አልጽፍልሽም። ከራሱ አፍ ሳልሰማ ሰላም ብሎሻል አልልም።

አባትሽ
ከቤታችን፣ መጋቢት አጋማሽ፣ ሐሙስ ጠዋት