በባዶ ቡጢ የተገኘች ቅዳሜ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ሙሉነሽ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? እናታችንስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? ባለቤትሽ ጋሽ ወንዳፈረውስ፣ ልጆቻችሁስ ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከጋምቤላ ወበቅ በቀር አንዳች አልጎደለብኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ማስተማሬም እንደ ወትሮው ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ የድል ወሬ ነው። ስታነቢው «ይህች ልጅ ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጣባት» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ በይ ግድ የለም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

እዚህ ጀማል የሚባል ባለ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ የሚቀጠል የጌም ማጫወቻ አምጥቷል። ቁልፉን ስትጫኚ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለ ትንሽ ሰውዬ ይሮጣል፣ ጉድጓድ ይዘላል፣ ከጠላት ይጋጠማል። ሲጀመር ያለው ቡጢ ብቻ ነው፤ ያውም ክንዱ አጭር ስለሆነ ካልተጠጋ አይደርስለትም። እሳት መወርወር ከፈለገ ግንብ ጫፍ ድረስ ወጥቶ ማምጣት አለበት። አንዴ ከተመታ ደግሞ እሳቱ ይጠፋበታል።

ክልሉ ከተመሠረተ ወዲህ የመጣው የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ትርፍ ሰዓቱን እዚያ ነው የሚያሳልፈው። ወንዱን ማለቴ ነው። እኔና ነርሷ ጓደኛዬ ኛጋች እንጫወት ብንል ጀማል «የሴት ጣት ለስፌት ነው፣ ትሰብሩብኛላችሁ» አለን። ደሜ ፈላ። ጌሙን ከጨረስሁ ቅዳሜ ከሰዓት የሴቶች ይሁን፣ ካልጨረስሁ ሁለታችንም ደጅህን አንረግጥም አልሁት። ሳቀ፤ ማንም ጨርሶት አያውቅማ! በሰው ሁሉ ፊት እሺ አለ።

ለምን እንደማይጨርሱት ግን በር ላይ ቆሜ ሳይ ገብቶኝ ነበር። ጀማል ጄኔሬተሩ ውስጥ የሚጨምረው ነዳጅ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፤ መብራት ሲጠፋ ጌሙ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ወንዶቹ እሳት ለማምጣት ይወጣሉ፣ ተመትተው ይጥሉታል፣ ተመልሰው ይወጣሉ፤ እንዲህ ሲሉ መብራቱ ድርግም ይላል።

እሁድ ከሰዓት ተቀመጥሁ። እሳቱን ዞሬም አላየሁት። ጠላቱ እስኪሰነዝር እጠብቃለሁ፣ ሲስት አንድ እርምጃ ገብቼ በዚያች አጭር ቡጢ እለዋለሁ። አሸብር የሚባል የሒሳብ መምህር «እሳቱን አለፈችው፣ አለቀላት!» እያለ ይጮሃል። የመጨረሻው አውሬ ጋ ስደርስ ጄኔሬተሩ ማሳል ጀመረ። ሦስቴ ተጠግቼ መታሁት፣ በአራተኛው ወደቀ። ወዲያው መብራቱ ጠፋ፤ ግን ቤቱ ሁሉ አይቷል። ኛጋች በእልልታ ሻይ ቤቱን አናወጠችው። አሸብርም «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ይኸው እኛ» ብሎ ጨበጠኝ።

ጀማል ቃሉን አላጠፈም። ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንድ ሴቶች ሆነን ገባን። ቁልፉን መጀመሪያ ለማን ልስጥ ስል፣ የጀማል ባለቤት ዘኪያ ጓዳው በር ላይ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ቆማለች። ዓመት ሙሉ ለተጫዋች ሻይ ስታቀርብ አንድ ቀን ነክታው አታውቅም። እጇን ይዤ አስቀመጥኋት። የመጀመሪያውን ጠላት በቡጢ ስትጥል የሳቀችው ሳቅ ባሮ ድልድይ ላይ ሳይሰማ አልቀረም። በዚህ መሐል አንዱ ከውጭ ሻይ ብሎ ሲጣራ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል «ጀማል፣ ቅዳለት» አለችው። ቀዳ! እትዬ፣ በራሴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልዑልቃልን ግንባሩን ሳሚው። ለትንሿ አልማዜ ይህን ወሬ አንቺው ራስሽ አንብቢላት። ጋሽ ወንዳፈረውን አክብሬ እጅ እነሣለሁ፤ ሰምቶ ከሳቀ ግን ጋምቤላ ይምጣና ይግጠመኝ። ቅዳሜ ብቻ እንዳይመጣ፣ አናስገባውም።

እህትሽ ሺታዬ
ጋምቤላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.